አርባ ማይክሮን

ከመኪና ላይ ቀጭን ጭረት ያነሳ ሰው በእርግጥ ያነሳው በጭረቱ ዙሪያ የነበረውን ቀለም ነው። ጭረት ራሱ የሚነሳ ነገር የለውም፤ ቀለም ከውስጡ ወጥቶ ያለቀበት ጎድጓዳ መስመር ነው። እንዳይታይ ለማድረግ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጎድጓዳውን በሰም ወይም በዘይት መሙላት ነው፤ ሁለተኛው ግራና ቀኙን ከጎድጓዳው ወለል ጋር እስኪስተካከል መፋቅ ነው። የመጀመሪያው ይታጠባል፣ ሁለተኛው አይመለስም። በየጋራዡና በየደጃፉ ስለ ጭረት የሚነሳው ክርክር የትኛው ፖሊሽ ይሻላል፣ የትኛው ጨርቅ ይለሰልሳል በሚለው ላይ ሲሽከረከር፣ ከሁሉ መቅደም የነበረበት ጥያቄ ይዘለላል፦ ለመፋቅ የተያዘልን ቀለም ስንት ነው? መልሱ እጅግ ጥቂት ነው። ጥቂት በመሆኑም ለአብዛኛው ባለመኪና፣ ይልቁንም ከትልልቅ ጋራዦች ርቆ በአዊ ዞን አዘና ወይም ዳንግላ ለሚኖር፣ የሚበጀው መሣሪያ ደካማው መሣሪያ ነው፤ የገዛ እጁ። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው ለዚህ ነው።

በፋብሪካ የተቀባ የዘመኑ መኪና ላሜራው ላይ አራት ንብርብር ተሸክሟል። ከብረቱ ጋር የተጣበቀው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለበጠው ጸረ ዝገት ሽፋን ነው። በላዩ ፕራይመሩ አለ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም አልባው፣ ጥርት ያለው፣ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ልባስ። ሁሉም ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይወፍራሉ፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ 40 ማይክሮን ገደማ ነው፤ በአንዱ መኪና 35፣ በሌላው 50 ይሆናል። የሰው ፀጉር በአማካይ 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። እንግዲህ መኪናውን የሚያንጸባርቀው፣ ከስሩ ያለውን ቀለም ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠብቀው፣ ማንኛውም ፖሊሽ ሊፍቀው የሚችለው ሀብት ሁሉ ከአንዲት ፀጉር ይሳሳል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀባ ሰምም ሆነ ቅባት አንዲት ማይክሮን ክሊር አይጨምርበትም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያውን መኪና ሲያገኙ በዓለም ላይ ያሉ መኪናዎች እንደ ሠረገላ በብሩሽና በቫርኒሽ ይቀቡ ነበር፤ አንዱን ቀብቶ ማድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱኮ የሚባለውን ላከር ሲያወጣ ያ ሁሉ ጊዜ ወደ ሰዓታት ወረደ። ላከር ግን በራሱ አያብረቀርቅም፤ ተወልውሎ ነው የሚያበራው፤ ሲደበዝዝም እንደገና ይወለወላል። ቀለሙና ክሊሩ ተለያይተው የሚቀቡበት አሠራር በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። «መኪናህን በየዓመቱ በደንብ አሽተህ አብራው» የሚለው ምክር ከዚያ ከላከር ዘመን የተረፈ ነው። ምክሩ ሳይለወጥ ቀለሙ ተለወጠ፤ ዛሬ በየዓመቱ በኃይለኛ ፖሊሽ የሚታሽ መኪና የማይተካ ነገሩን በየዓመቱ እየከፈለ ነው።

ታዲያ ጭረቱ ከየት ይመጣል? በአዊ ምድር መልሱ ከእግር ስር ነው። እንጅባራ ዙሪያ ያለውን አገር እሳተ ገሞራ ነው የሠራው፤ ዘንገና ሐይቅ ራሱ የተኛው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት እንጅባራንና ዳንግላን ያገናኛል፤ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ መኪና ግን ብዙ ሳይርቅ ኮረኮንች ላይ ይወጣል። ከዚያ የሚነሳው አቧራ ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ የወጣ ነው። በውስጡ ያሉት ማዕድናት፣ ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን፣ ከ1 እስከ 10 በሚለካው የጥንካሬ መለኪያ 6 ገደማ ላይ ይቀመጣሉ። የተለመደ የቢላ ብረት ከነሱ ጥቂት ዝቅ ይላል። ክሊሩ ደግሞ ከቢላ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በመሠረቱ ፕላስቲክ ነው። ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ማየት የፈለገ ከበሩ እጀታ ስር፣ ጣት የሚገባበትን ስርጉድ ይመልከት። ያን ሁሉ ጭረት የሠራው የሰው ጥፍር ነው።

አቧራ ግን ተቀምጦ አይጭርም። የሚጭረው አንድ ሰው በጨርቅ ሲጎትተው ነው። በጋው ላይ፣ በተለይ ጥር ሲገባ፣ ነገሩ ይበረታል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚውለው አፈሩ ሲደርቅ ነው፤ ፈረስም መኪናም ከየአቅጣጫው አቧራ ይዞ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ቀን መኪናን አሳምሮ ለመቅረብ ደረቅ ጨርቅ አውጥቶ ጣሪያውንና ኮፈኑን ማበስ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ በአንድ ደቂቃ ያበራልና። በዚያች ደቂቃ የሚደርሰው ጉዳት ግን በግማሽ ቀን ሥራ አይመለስም። በክረምት ደግሞ አቧራው ጭቃ ይሆናል። ሰዎች ጭቃን ከአቧራ ይልቅ ይፈሩታል፤ እንደ እውነቱ እርጥብ ሆኖ በብዙ ውሃ ከተገፋ ያን ያህል አይጎዳም። የሚያስፈራው ደርቆ በጥፍር ወይም በስፖንጅ ሲፋቅ ነው።

ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ለምን እንደሚታዩ ማወቅ ሥራውን በግማሽ ያቀልለዋል። ንጹሕ ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ፀሐይዋ የምታርፍበትን ነጥብ የከበበ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ይወጣበታል። ብዙዎች ይህን አይተው «ያጠበው ልጅ እያዞረ ስላሸ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተዘረጉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ቢሆኑም እንኳ ያው ክብ ይታያል። ምክንያቱም እያንዳንዱ መስመር ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሰው ከብርሃኑ አንጻር በተወሰነ አቅጣጫ ሲጋደም ብቻ ነው፤ ፀሐይዋን ዙሪያዋን ከሚያቅፉት መስመሮች በቀር የቀሩት ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ዓይን የሚያበሩትን ብቻ ለቅሞ ክብ ይሠራል። ተመልካቹ አንድ እርምጃ ቢራመድ ክቡም አብሮት ይሄዳል። ነጭ መኪና ላይ ያው ጭረት አለ፤ የተበተነው ብርሃን ከነጩ ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ አይታይም። ነጭ መኪና የገዛ ሰው ከዚህ ሥራ ግማሹን ሳያውቀው አምልጧል ማለት ይቻላል።

የመሙላቱ መንገድም ከዚሁ ይገባናል። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የተወለወለ መኪና ለጥቂት ቀን አዲስ ይመስላል። ዘይቱ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከክሊሩ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ጎድጓዳው በዘይት ሲሞላ ብርሃኑ ድንበሩን አያየውም፤ እንደ ጠፍጣፋ ያልፈዋል። ከዚያ ዝናብ ይመጣል ወይም ሳሙና፣ ጭረቱም ይመለሳል። እስከዚያው የተቀባው ዘይት አቧራ ሲሰበስብ ይቆያል፤ ያ አቧራ ደግሞ በሚቀጥለው ጨርቅ ይጎተታል። ሰም ከናፍጣ ይሻላል፤ ይቆያል፣ አቧራም አይዝም። ከሰም አምራቾች ብዙዎቹ «ጭረት ያጠፋል» ብለው የሚሸጡት ይህንኑ መሙላት ነው። በመሙላት የሚያፍር ሰው ሊኖር አይገባም፤ አንዲት ማይክሮን ሳያስከፍል መኪናን ያሳምራል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ግን እየነዳ ከመሄዱ በፊት አንድ በሩን በሳሙና አጥቦ በስልኩ መብራት ቢያየው ይከስር አይመስለኝም።

ውሃ ራሱ ምርመራ ነው። ጭረቱን አርጥቡት። ውሃው ሲነካው ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ በክሊሩ ውስጥ ያለ ጭረት ነው፤ በእጅ ሊቀል ይችላል። ርሶም ከታየ ከክሊሩ አልፏል፤ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ከታየ ደግሞ ቀለሙን አልፎ ፕራይመር ደርሷል፤ ማንኛውም ውልወላ አይደርስበትም። ሁለተኛው ምርመራ ጥፍር ነው። ጥፍር ጭረቱን በወርዱ ሲሻገር ከያዘው ጭረቱ ጥልቅ ነው ማለት ነው፤ እሱን ለማስተካከል መፋቅ ዙሪያውን ሁሉ ማሳሳት ነው። እንዲህ ያለውን ጭረት ባለበት ትቶ ጠርዞቹን ብቻ ማለስለስ፣ ብረት ከታየም በቀጭን ብሩሽ ቀለም ጠብ ማድረግ ይሻላል። ብዙ መኪና የተበላሸው ጥፍር የያዘውን አንድ ጭረት ካላጠፋሁ ባለ ሰው እልህ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልብ እንግባ። በማሽን የሚሠሩ ባለሙያዎች እጅን ይንቃሉ፤ ምክንያትም አላቸው። የሚሽከረከረው ማሽን በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ሰው ክንዱን በደቂቃ መቶ ጊዜ ማመላለስ ያደክመዋል። ማሽኑ እኩል ይጫናል፤ ጣት ግን አምስት ቦታ ለየብቻ ይጫንና አምስት ጅራት ይተዋል። አንድ ኮፈን በእጅ በወጉ ለመሥራት ሰዓታት ይሄዳሉ፤ ጠንካራ ክሊር ያላቸው አንዳንድ የአውሮፓ መኪናዎች ደግሞ ለእጅ ጨርሶ አይበገሩም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ማሽኑ በፍጥነት ይፍቃል የሚለው እንጂ፣ በፍጥነት መፋቅ ይሻላል የሚለው አይደለም። ልምድ በሌለው እጅ የተያዘ የሚሽከረከር ማሽን በጠርዝ ላይ ጥቂት ሰኮንድ ቢዘገይ ክሊሩን አሙቆ ያቃጥለዋል፤ ቀለሙ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። እጅ ያንን ያህል ሙቀት መፍጠር አይችልም። በለስላሳ ፖሊሽ የሚደረግ አንድ ዙር የእጅ ሥራ የሚወስደው በአንድ ማይክሮን ዙሪያ የሚቆጠር ነው። የሚሳሳት ሰው ቀስ ብሎ ይሳሳታል፤ ስህተቱንም እያየ ለማቆም ጊዜ ያገኛል።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ላለው ሰው ይህ ክርክር ይላላል። መለኪያው ላሜራው ላይ ሲደገፍ ስንት ማይክሮን እንደቀረ ይናገራል፤ ባለሙያው እያየ ይሠራል። ባለሙያውም ቢሆን የሚያየው የንብርብሮቹን ድምር እንጂ የክሊሩን ለብቻ አይደለም፤ ብረት ፈልጎ የሚሠራው ተራ መለኪያ ደግሞ ፕላስቲክ መከላከያ ላይ ዝም ይላል። ያለ መለኪያ የሚሠራ ሰው፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ሁላችንም፣ ስንት እንደቀረው ሳያውቅ ነው የሚያወጣው። ስንት እንዳለው የማያውቅ ሰው በትንሽ በትንሹ ቢያወጣ ምክንያታዊ ነው። የእጅ ዝግታ የሚመከርበት ምክንያት ይኸው ነው እንጂ የጥንት ጥበብ ስለሆነ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው በማጠብ ነው፤ ሁለት ባልዲም ይፈልጋል። በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ይሞላል። ጨርቁ መኪናውን ከነካ በኋላ መጀመሪያ ንጹሑ ውስጥ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይመለሳል፤ ከባልዲው ስር የሚዘቅጠውን አሸዋ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ያቆማል። ኦሞ የሚጠቀም ሰው ጨርሶ ያሟሟው፤ ያልሟሟ ቅንጣት ከአቧራ አይለይም። ከላይ ወደ ታች ይታጠባል፤ ጎማና የፓራፋንጎው ታችኛ ክፍል በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ወንዝ ዳር ወይም ላቫጆ ውስጥ አንድ ጨርቅ ከመኪና ወደ መኪና ሲዞር ማየት የተለመደ ነው። ያ ጨርቅ የሁሉንም መንገድ አሸዋ ተሸክሟል፤ ባለመኪናው የራሱን ጨርቅ ይዞ ቢሄድ ማንም አይቀየመውም። ይህ ሁሉ ለምን ከውልወላ በፊት ይመጣል ቢባል፣ ያልጸዳ ላሜራ የሚያሽ ሰው በፖሊሽ ፋንታ በድንጋይ ዱቄት ስለሚያሽ ነው፤ አስተጣጠቡን ያልቀየረ ሰውም በወሩ ያነሳውን ጭረት መልሶ ያገኘዋል፣ ክሊሩን ግን አያገኘውም።

ላሜራው ቀዝቃዛ ይሁን፤ የእንጅባራ ማለዳ ለዚህ የተመቸ ነው። ከጥላ ስር ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር የምትሆን ቦታ ይመረጣል። ጠርዞችና በላሜራው ላይ የወጡ ስለታም መስመሮች በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ቀለም ፈሳሽ ሳለ ከጠርዝ ስለሚሸሽ ክሊሩ እዚያ ከሁሉ ይሳሳል። ጣቶች ለየብቻ እንዳይጫኑ ጨርቁ በጠፍጣፋ ስፖንጅ ላይ ይጠቀለላል። ካለው ፖሊሽ ሁሉ የለሰለሰው ይቀድማል፤ አተር የምታህል ጠብታ ሁለት ሦስት ቦታ ይደረግና መካከለኛ በሆነ ጫና፣ በቀጥታ መስመር፣ ከመኪናው አፍንጫ ወደ ኋላ ይመላለሳል። አዙሮ ማሸት ባይከለከልም አይመከርም፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚተወው ደቃቅ ምልክት ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታያል፤ የክቡ ግን ከየትም። ፖሊሹ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ፣ ቀደም ሲል የተባለውን የመሙላት ማታለል ለማስወገድ በእጅ ማጽጃነት የለመድነው 70 በመቶ አልኮል በእኩል ውሃ ተበርዞ ይረጭና ይጠረጋል፤ ዘይቱ ሲሄድ የቀረው ጭረት በስልክ መብራት ፊት ለፊት ይታያል። ጭረቱ ከቀለለ ያው ፖሊሽ ይደገማል። ምንም ካልተለወጠ ብቻ ጠንከር ወዳለው ይኬዳል፤ ከጠንካራው በኋላ ደግሞ ለስላሳው ተመልሶ የጠንካራውን ምልክት ያጠፋል።

የብርጭቆ ወረቀትስ? 2000 ቁጥር የሚባለው እጅግ ደቃቅ ወረቀት እንኳ ቅንጣቱ 10 ማይክሮን ያህላል፤ የክሊሩን ሩብ ያክላል ማለት ነው። በውሃ ተነክሮ በጥንቃቄ ሲያዝ ባለሙያ እጅ ውስጥ ተአምር ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ግን የዚህን ምዕራፍ ሙግት በሁለት ደቂቃ ያፈርሰዋል። የጥርስ ሳሙና ነገርም ይነሳል፤ «ሞክረነው ሠርቷል» የሚሉ ብዙ ናቸው፣ አይዋሹምም። የጥርስ ሳሙና ሲሊካ ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት አለበት፤ ስለዚህ ይፍቃል። ችግሩ ለጥርስ ተብሎ የተፈጨ መሆኑ ነው። የመኪና ፖሊሽ ቅንጣቱ የተመጠነ፣ በብዙዎቹም እየታሸ የሚደቅ ነው፤ መጀመሪያ ይቆርጣል፣ መጨረሻ ያለሰልሳል። የጥርስ ሳሙና ቶሎ ይደርቃል፣ ከብራንድ ብራንድም ይለያያል። አንዲት የጥፍር ምልክት ከእጀታ ስር ለማደብዘዝ ይበቃል፤ ለኮፈን ማሰብ ግን አያዋጣም።

የት ይቆማል? እዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ይናገራል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ይበልጣል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ እዚህ የቆመ መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ከነበረበት ቀን ይልቅ ሩብ ያህል በበረታ ጨረር ስር ነው። ክሊሩ ጨረሩን የሚውጥ ንጥረ ነገር ተቀላቅሎበታል፤ የመዋጡ ኃይል ግን ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ አይወርድም፣ ከዚያ በባሰ ፍጥነት ይወድቃል። ለምሳሌ ሙሉ ውፍረት ያለው ክሊር ከ100 እጅ ጨረር 1 እጅ ብቻ ያሳልፋል ብንል፣ ግማሹ የተፋቀ ክሊር የሚያሳልፈው 2 እጅ አይሆንም፤ 10 እጅ ነው። ክሊሩ እየተላጠ፣ ነጭ ቅርፊት እየሠራ የሚታይባቸው የመኪና ጣሪያዎች ብዙዎቹ በፀሐይ ብቻ የተጎዱ ናቸው፤ በፀሐይና በፖሊሽ የተጎዱም አሉ። ስለዚህ ከአስር ጭረት ሰባቱ ሲደበዝዝ፣ ሦስቱ በስልክ መብራት ብቻ ሲታዩ፣ ሥራው አልቋል። የቀሩትን ሦስቱን ማሳደድ ከሰባቱ የበለጠ ክሊር ይበላል፤ ጥልቀታቸው ነው ያቆያቸው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆም አንድ ጠንካራ ሙግት አለ፦ ክሊሩ ካለቀ መኪናውን ማስቀባት ነው፤ ቀቢ አለ፣ ቀለም አለ፣ ምን ያስጨንቃል? በሌላ ዘመን ይህ ተገቢ መልስ ይሆን ነበር። አሁን ግን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው የሚከብድ ታክስ ጥሎበታል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በአገሩ ውስጥ ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ብዙ ዓመት መቆየት አለባቸው፤ ሲሸጡም ገዢ ከሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር አንዱ ቀለሙ የፋብሪካ መሆኑን ነው፤ መኪናው አልተጋጨም፣ የላሜራ መሙያው ስቱኮ አልገባበትም ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለምና። አዲስ ቀለም ይህን ምስክር ያጠፋዋል፤ የሚቀባው ሰው ቢካንም ባይካንም። ሌላም አለ። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚረጨው ዘመናዊ ክሊር ማጠንከሪያው አይሶሳይኔት ነው፤ ሲረጭ የሚተነፍሰው ሰው አስም ሊይዘው ይችላል። በተዘጋ ክፍልና በተገቢ ጭምብል ካልሆነ፣ ግቢ ውስጥ አፍን በጨርቅ ሸፍኖ የሚረጭ ልጅ በባለመኪናው ችኮላ ሳንባውን ይከፍላል። ፋብሪካው ቀለሙን ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ምድጃ ይጋግረዋል፤ በፀሐይ የደረቀ ቀለም ያን ጥንካሬ አያገኝም።

«እንግዲያውስ ጭረቱን ጨርሶ መተው አይሻልም ወይ?» የሚል ካለ፣ ግማሹን እስማማለሁ። ቀጭን ጭረት ዝገት አያመጣም፣ ከክሊሩ አያልፍምና። የሥራ መኪና፣ ከዕለት ዕለት ኮረኮንች የሚውል ፒክአፕ፣ በአግባቡ ታጥቦ በዓመት ሁለቴ ሰም ቢቀባ ይበቃዋል። ሙግቱ የሚጸናው መኪናውን ሊያሳምር ለወሰነ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በየከተማው ብዙ ነው፣ ውሳኔውም የራሱ ነው።

ሙግቱ የማይሠራባቸው መኪናዎችም አሉ። ከዳንግላ ገበያ እህል፣ ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ጭነው የሚወርዱት አሮጌ አይሱዙዎች ብዙዎቹ ክሊር የሌለው ነጭ ቀለም ነው የተቀቡት፤ አንዳንድ ባጃጅም እንዲሁ። ለማወቅ ቀላል ነው፦ በማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርጎ ማሸትና ጨርቁን ማየት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለም፤ የሚፋቀው ቀለሙ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ሲያረጅ ፊቱ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ያንን ማንሳት ከጭረት ማንሳት ይቀላል፣ ውጤቱም ያስደንቃል። ከአንድ ጊዜ በላይ የተቀባ መኪና ደግሞ ከሁሉ ያደናግራል፤ አንዱ በር 300 ማይክሮን ተሸክሞ ጎረቤቱ 80 ሊሆን ይችላል፣ ከስሩም ስቱኮ አለ። እሱን የሚያሽ ሰው ጨርቁን በየጥቂት ምልልሱ እየገለበጠ ይመልከት፤ ክሊር ባለው መኪና ላይ ጨርቁ ቀለም መያዝ የጀመረ ዕለት ያ ላሜራ ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ሰም ብቻ ነው።